ጣና ዳር ሰፈር፦ ወሬ ማዳረስና የጋራ ሥራ እንዴት ይያዛል

ሐይቅ ዳር ሰፈር ውስጥ ላይኛው ቤት ቦይ ውስጥ የጣለው ፌስታል ሐምሌ ሲገባ ታችኛው ቤት ደጃፍ ላይ ውሃ ያቆማል። ለግንባታ አፈር ተቆፍሮበት ሳይደፈን የቀረ አንድ ጉድጓድ የሦስት ግቢ ልጆችን በወባ ያስተኛል። ስለዚህ በባሕር ዳር ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ወሬ ማዳረስ ከሰፈሩ ሥራ ግማሹ ነው። ቦይ የሚጠረግበትን ቀን ያልሰማ አይወጣም፤ ያልወጣ ይቀጣል፤ የተቀጣ ያኮርፋል፤ ያኮረፈ መዋጮውን ያቆያል። እድር ውስጥ የተነሳ ጠብ ወደ ኋላ ሲጎተት ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ የሚገኘው ያልደረሰ መልእክት ነው።

እዚህ የተጻፈው ከ60 እስከ 150 ቤት ላለው ሰፈር የሚሆን ነው። ቤቱ ከዚያ ከበዛ ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ አንድ ጡሩምባ ነፊ በአንድ ማለዳ በእግሩ ዞሮ የሚጨርሰው ከዚህ አይበልጥም።

ወሬው በማን እጅ ይሁን

አንድ የመልእክት ኃላፊና አንድ ተተኪ ይመረጡ። የእድሩ ጸሐፊ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሰብሳቢው ባይሆን ይመረጣል። ሰብሳቢ ሲቀጣና ሲዳኝ የሚከፋበት ሰው አይጠፋም፤ መልእክቱም ከእሱ እጅ ከወጣ አብሮ ይኮረፋል። ኃላፊው ባለ መስመር ደብተር ይኑረው፤ ለእያንዳንዱ መልእክት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ወሬውን ያመጣውን ሰውና በየትኛው መንገድ እንደወጣ ይጻፍበት። ከስድስት ወር በኋላ «እኔ አልሰማሁም» የሚል ሰው ሲመጣ ክርክሩ በደብተሩ ያልቃል።

መንገዶቹ አራት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ጡሩምባ ለሞትና ለድንገተኛ ነገር ብቻ ይቀመጥ። ለስብሰባና ለመዋጮ በየሳምንቱ የሚነፋበት ሰፈር፣ እውነተኛው ነገር ሲመጣ ሰው ከአልጋው አይነሳም።

ሰሌዳ ሰው ቆሞ በሚጠብቅበት ቦታ ይሰቀል፤ ቦኖው አጠገብ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ወይም ሁሉም የሚገዛበት ሱቅ ግድግዳ ላይ። 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይበቃል፤ ከላዩ 20 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ ቆርቆሮ ይደረግለት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ወረቀት ስለሚገነጥል አራቱን ጥግ በሚስማር ከመያዝ በተጨማሪ ቀጭን ሽቦ በአግድም ይወጠርበት። የውሃ ቀለም ባለው ማርከር የተጻፈ በአንድ ዝናብ ይሟሟል፤ በእስክሪብቶ ደመቅ አድርጎ መጻፍ ይበልጣል። ቀኑ ያለፈ ማስታወቂያ በዚያው ቀን ይነሳ። አሮጌ ወረቀት የሞላበትን ሰሌዳ ማንም ቆሞ አያነብም።

ቴሌግራም ላይ ሁለት ነገር ይከፈት፤ ኃላፊዎቹ ብቻ የሚጽፉበት ቻናልና ሁሉም የሚነጋገርበት ግሩፕ። አንድ ላይ ከሆኑ የውሃ ፈረቃው መልእክት በመቶ «መልካም በዓል» ሥር ይቀበራል። ባሕር ዳር ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል፤ መብራት ሲጠፋም ስልክ ይዘጋል። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ ብቻ የወጣ መልእክት እንደወጣ አይቆጠር።

አራተኛው የቤት ለቤት ሰንሰለት ነው፤ ትልቁ ጉልበት ያለውም እሱ ጋ ነው። በየአሥር ቤቱ አንድ ተጠሪ ይሰየም። ተጠሪው ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው ይሁን፤ ሥራ የሚውል ሰው መልእክቱን ማታ ይዞ ይመጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ስማርት ስልክ የሌላቸው አዛውንቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተከራዮች ይግቡ። ተከራይ የእድር አባል ስላልሆነ ይዘለላል፤ ቦዩ ላይ ቆሻሻ ሲገኝ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሱ ነው። ያልነገሩትን ሰው መጠርጠር ግፍ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ሰንሰለቱን ፈትኑት፤ ለተጠሪዎቹ አጭር የሙከራ መልእክት ስጡና የመጨረሻው ቤት ስንት ሰዓት እንደደረሰው ጠይቁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደ የተበጠሰው ቀለበት የቱ እንደሆነ ያኔ ይታያል።

መልእክቱ እንዴት ይጻፍ

በየሰፈሩ የሚታየው እንዲህ ያለ ነው፦ «እሁድ የጽዳት ዘመቻ ስላለ ሁላችሁም እንድትገኙ እናሳስባለን።» የትኛው እሁድ? የት? ስንት ሰዓት? ምን ይዞ? ሁሉም ሲባል ሕፃኑም? ይህን ያነበበ ሰው በር ላይ ወጥቶ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ጎረቤቱም አያውቅም።

እንዲህ ቢጻፍስ፦ «እሁድ ግንቦት 17 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ሐይቁ ያለውን ቦይ እንጠርጋለን። ከየቤቱ አንድ አዋቂ ሰው ይምጣ፤ አካፋ ወይም ዶማ ያለው ይያዝ። 4 ሰዓት ላይ ያበቃል። ከዘነበ ወደ ግንቦት 24 ይተላለፋል። መምጣት የማይችል እስከ ቅዳሜ ማታ ለተጠሪው ይንገር።» እዚህ ውስጥ ማለቂያው ሰዓት መጻፉ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። መቼ እንደሚያልቅ የማያውቀው ሥራ ላይ ሰው ዘግይቶ ይመጣል ወይም ከናካቴው ይቀራል።

ውጭ አገር ያሉ የሰፈሩ ልጆች ቻናሉ ውስጥ ካሉ «2 ሰዓት» ከማለት «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት» ይጻፍ። ቀኑም ከወሩ ስም ጋር ይሁን፤ 5/9 ተብሎ ሲጻፍ አንዱ ግንቦት 5 ይለዋል፣ ሌላው ጥር 9 ይለዋል።

ወሬ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ይሁን። ያየውን ሰው ራሱን እስኪያገኙ ድረስ መልእክቱ አይወጣም። የተናጋሪው ማንነት የማይታወቅ የድምፅ መልእክት ቻናሉ ላይ አይለጠፍም። ሌብነት ሲኖር የተሰረቀው ዕቃ፣ ቦታውና ሰዓቱ ይነገር፤ የተጠረጠረ ሰው ስምና ፎቶ ግን አይወጣም፤ እሱ የፖሊስ ሥራ ነው። የታመመ ሰው የበሽታ ዓይነትም አይጻፍም፤ «አቶ እገሌ ሐኪም ቤት ናቸው፣ መጠየቅ ይቻላል» ይበቃል፤ እሱም ቤተሰቡ ከፈቀደ ነው።

ሞት ሲሰማ

ከሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው። ስልክ ከመጣ ወዲህ የሚበላሸውም ይኸው ነው። ሰው ሲያርፍ ከጡሩምባው በፊት የሚጠየቀው «መርዶ ያልደረሰው ማን ነው?» የሚለው ነው። እናቷ ያረፈችባት ልጅ ሥራ ቦታ ቁጭ ብላ ቴሌግራም ላይ «ነፍስ ይማር» የሚል ጽሑፍ ከእናቷ ፎቶ ጋር ብታይ፣ ከጎኗ የሚይዛት የለም፤ ውሃ የሚያቀብላት የለም። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ተሰብስቦ የሚነገረው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ወሬው ለእድሩ እንደደረሰ ሁለት ሽማግሌዎችና የመልእክት ኃላፊው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። የሚያነጋግሩት ከሟች ልጆች ይልቅ አማች፣ የአጎት ልጅ ወይም የቅርብ ጎረቤት ነው። ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ መርዶ ያልተነገራቸው እነማን ናቸው፣ የትስ ናቸው? ቀብሩ የት፣ በስንት ሰዓት ነው? ድንኳኑ የት ይተከል? የመጀመሪያው መልስ በየስሙ ደብተሩ ላይ ይጻፋል፤ አንድ በአንድ «ደርሷል» እየተባለ ይሰረዛል። ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም እስካለ ድረስ ቻናሉ ዝም ይላል። የሻማ ምስልም ቢሆን አይለጠፍ፤ እሱም ወሬ ነው።

ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ሲኖር ሰዓቱን ማስላት ግድ ነው። ባሕር ዳር ንጋት 12 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ ገና ያለፈው ቀን ሌሊት ነው፤ በበጋቸው የሰባት፣ በክረምታቸው የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ። እዚያ ያሉ ወዳጆች ሊነጋጋ ሲል በሩን አንኳኩተው የሚያረዱት ከሆነ፣ እዚህ ቀኑ 6 ወይም 7 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ጡሩምባው ማለዳ ቢነፋም ቻናሉ እስከ ከሰዓት በኋላ መቆየት አለበት። ሪያድ ያለ ሰው ከእኛ ጋር እኩል ሰዓት ላይ ነው፤ እዚያ የሚያረዳ ሰው ቶሎ ይፈለግ። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ከሆነች ደግሞ በቅርቧ ላለች ጓደኛ አስቀድሞ ቢነገር ይሻላል፤ ብቻዋን ሆና በስልክ እንዳትሰማ።

ጡሩምባ ነፊው ማለዳ 11 ሰዓት ገደማ ሲዞር የሟችን ስም፣ ቤቱን፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ሁለት ጊዜ ደግሞ ይናገራል። በመጨረሻም «መርዶ ያልደረሰው አለ፤ ስልክ ላይ አይጻፍ» ይበል። ይህቺ አንዲት ቃል ናት አደራውን የምትጠብቀው። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ቀብሩ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ስለሆነ ማለዳ አይጠበቅም፤ ወሬው በደረሰበት ሰዓት ይነፋል፤ መስጂዱና ጀናዛው የሚሰገድበት ሰዓት ይነገራል።

የእድሩ ዕቃ ሲወጣ ድንኳኑ፣ ቋሚዎቹ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ተቆጥሮ ይፈረምበታል። ሲመለስ ድንኳኑ እርጥብ ሆኖ አይታጠፍ፤ የሐይቅ ዳር አየር እርጥበት ስላለው በሁለት ሳምንት ይሻግታል። ፀሐይ ላይ ግማሽ ቀን ተዘርግቶ ነው የሚገባው።

የሐይቁን ከፍታ ማንበብ

ጣና ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ። ሰፈሩ ላይ ዝናቡ ከቆመ በኋላም ከፍታው መጨመሩ ሰውን ያስገርማል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ከሩቅ ደጋ የሰበሰቡትን ውሃ እያደር ነው የሚያመጡት። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ውሃው ወደ ዓባይ የሚወጣበት በር በጨረጨራ ግድብ ቁጥጥር ስለሚደረግበት፣ ከፍታው በዝናቡ ብቻ አይወሰንም።

ሰፈሩ የራሱ መለኪያ ይኑረው። 3 ሜትር የውሃ ቧንቧ ብረት ተገዝቶ 80 ሳንቲ ሜትሩ መሬት ውስጥ ይቀበር፤ የባሕር ዛፍ እንጨት አይሁን፣ ውሃ በሚነካው ቦታ ላይ ይበሰብሳል። በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ነጭና ቀይ ቀለም እየተፈራረቀ ይቀባ፤ ቁጥሩ በየ50ው ይጻፍ። ጀልባ የማይታሰርበትና ከብት የማይወርድበት ጥግ ይመረጥ። የሚነበበው ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሐይቁ እንደ ምጣድ የረጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ቀዩንና ነጩን እያለበሰና እየገለጠ ስለሚመታው ንባቡ በ20 ሳንቲ ሜትር ሊሳሳት ይችላል። በበጋ በሳምንት አንዴ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በሳምንት ሁለቴ ይበቃል። አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል፤ ደብተሩ ላይ ስሙ ይጻፍለት።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚጠቅመው አንድ ቀይ መስመር ነው። ሐይቅ ዳር ሰፈርን የሚያጥለቀልቀው ብዙ ጊዜ ሐይቁ ራሱ ወጥቶ አይደለም። ሐይቁ ከቦዩ አፍ በላይ ሲደርስ የመንገዱ ጎርፍ መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስለዚህ የቦዩ አፍ ወለል ከፍታ በመለኪያው ብረት ላይ ምልክት ይደረግበት። ግንበኛ ውሃ ልክ የሚያደርግበት ግልጽ ላስቲክ ቱቦ ውሃ ተሞልቶ አንዱ ጫፍ ቦዩ አፍ ላይ፣ ሌላው ብረቱ ላይ ይያዛል፤ አየር አረፋ ውስጡ እንዳይቀር ይታይ፣ አለዚያ ልኩ ይዋሻል። ውሃው በሁለቱም ጫፍ ሲረጋ ብረቱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ንባቡ ለዚያ መስመር 20 ሳንቲ ሜትር ሲቀረው ሰሌዳው ላይ ይጻፍ፤ ታች ያሉ ቤቶች እህላቸውንና የመብራት ማከፋፈያቸውን ከወለል ከፍ ያድርጉ።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ውሃው ደርሶ የቆመበት ጫፍ በየ20 ሜትሩ ካስማ ይተከልበት፤ ፎቶ ይነሳ፤ ሦስት ሽማግሌዎች ይፈርሙ። ይህ ለየካቲትና መጋቢት ነው። ያኔ ውሃው ይሸሽና ባሕር ሸሹ መሬት ይገለጣል፤ አንዱ አጥሩን ሁለት ክንድ ይገፋል፣ ሌላው አይቶ አራት ክንድ ይገፋል። ካስማው ካለ ጠቡ አይጀመርም። ዳርቻው ላይ ያለውን ደንገልም ቢሆን «ሐይቁ እንዲታየን» ብሎ መንቀል አይገባም። ደንገል ማዕበሉን ሰብሮ አፈሩን የሚይዝ እሱ ነው፤ የተነቀለበት ቦታ በሁለት ክረምት ውስጥ እየተናደ ወደ አጥር ይጠጋል።

ቦይ ጠረጋ

ከግንቦት አጋማሽ በፊት አይጀመር፤ ከሰኔ 5ም አይለፍ። ቀደም ካለ አቧራና ቆሻሻ መልሶ ይሞላዋል፤ ከዘገየ ጭቃ ውስጥ ነው የሚሠራው። ለ40 ሰው 12 አካፋ፣ 8 ዶማ፣ 4 የእጅ ጋሪ፣ 60 ባዶ ማዳበሪያ ከረጢትና 3 ረጅም መቆስቆሻ ብረት ለቱቦዎቹ ይበቃል። መሣሪያው ከሰው ቁጥር ማነሱ ስህተት አይደለም፤ ግማሹ ሲቆፍር ግማሹ ይጭናል፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየራል።

ሥራው ከታች ይጀመር፤ ከሐይቁ አፍ ወደ ላይ። ከላይ የጀመረ ሰፈር ያላላው ደለል በመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ታችኛውን ቱቦ ይደፍናል። የወጣው ደለል ከቦዩ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ይከመር፤ በዚያው ቀን ይነሳ። «ነገ መኪና ይመጣል» ተብሎ ያደረ ክምር ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የሚጭነው መኪና ወይም ጋሪ ሳይረጋገጥ ጠረጋው አይጠራ። ሽንት ቤት ወይም የልብስ ማጠቢያ ቱቦ ወደ ቦዩ የለቀቀ ግቢ ከተገኘ እዚያው ሰው ፊት አይሰደብ፤ ኃላፊው ማታ ቤቱ ሄዶ ይንገረው፤ 15 ቀን ይሰጠው። ሕዝብ ፊት የተዋረደ ሰው ቱቦውን አይዘጋም፤ ይደብቀዋል።

ቀዳዳ የሚያስተካክል የአሸዋ ከረጢት ካስፈለገ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ ይሞላ። ጢም ብሎ የሞላ ከረጢት እንደ ድንጋይ ደርቆ መሃሉ ክፍተት ይተዋል። አፉ ወደ ታች ታጥፎ ውሃው ወደሚመጣበት ይዞር፤ ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን መገጣጠሚያ እንደ ግንብ እየረገጠ ይደርደር።

በዓል ሲደርስ ቅርጫ የሚታረድበት ቦታ ከቦዩና ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ደምና ፈርስ የሚቀበርበት 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቀድሞ ይቆፈር፤ በሬው ከወደቀ በኋላ ዶማ የሚያነሳ አይገኝም።

ወባ፣ ቢልሃርዚያና እምቦጭ

የወባ ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከ7 እስከ 14 ቀን ይበቃታል። ስለዚህ ያቆረ ውሃ የሚፈተሽበት ቀን በሳምንት አንድ ጊዜ የተወሰነ ይሁን፤ በ15 ቀን ከሆነ ትውልዱ አምልጧል። መስከረም ከገባ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ቅዳሜ ጠዋት ተጠሪው አሥሩን ቤት ይዙር። የሚፈልገው ፀሐይ የሚያየው ኩሬ ነው፤ የከብት ኮቴ፣ የብሎኬት ማምረቻ ጉድጓድ፣ የጎማ ዱካ፣ ውሃው ሲሸሽ ዳር ላይ የቀረ ቁራጭ። ትንሹ ይደፈናል፣ ትልቁ በቦይ ይፈሳል። አዲስ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይናፈስ፤ ሲታጠብ በለስላሳ ሳሙና ሆኖ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ያደክመዋል። አጎበር ለዓሣ መረብ መዋሉ ሁለት ጥፋት ነው፤ ቤቱ ይራቆታል፣ ጫጩት ዓሣው ያልቃል። ትኩሳት የያዘው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ ይመርመር።

ቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ ባለበት ዳርቻ በቆዳ ነው የሚገባው። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ከቀንድ አውጣው በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ስትጠነክር፣ ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ገደማ በመሆኑ፣ ልብስ ማጠብና ልጆችን ማዋኘት በዚያ ሰዓት አይሁን። ከሐይቅ የተቀዳ ውሃ ሁለት ቀን ተከድኖ ቢቀመጥ ለመታጠብ የሚያሰጋው ነገር ይሞታል፤ ለመጠጥ ግን መቀመጡ አይበቃም፣ ይፈላ።

እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ዋናው ጉዳት በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል ቢሆንም፣ ነፋስ እየነዳ ቁራጩን ወደየዳርቻው ያመጣዋል። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ስለሚሆን «እሁድ እናየዋለን» ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ያየ ሰው ቦታውንና ስፋቱን በእርምጃ ለክቶ በዚያው ቀን ለኃላፊው ይንገር። የሚነቀለው ሳያብብ ነው፤ ዘሩ ደለል ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ቅጠሉን መቁረጥ ዋጋ የለውም፤ ከሥሩና እርስ በርሱ ከሚያያይዘው ግንድ ጋር ይውጣ፤ የቀረች ቁራጭ እንደገና ትበቅላለች። ቦት ጫማና ጓንት ግዴታ ነው። ውሃው ከጉልበት በላይ በሆነበት ቦታ ያለ ጀልባ አይገባም፤ ጉማሬ ባለበት ዳርቻ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድና ሲመሽ አይሠራም። የወጣው፣ ውሃው ደርሶ ከቆመበት ካስማ በላይ ተወስዶ ይሰጣ። ከክብደቱ አብዛኛው ውሃ በመሆኑ ሳይደርቅ በጋሪ ማመላለስ ጉልበት መጨረስ ነው፤ አንድ ሳምንት ፀሐይ ከመታው በኋላ ሩቡ ሰው ያነሳዋል።

ጄሪካኑ

ልጆች በሚዋኙበትና ታንኳ በሚታሰርበት ቦታ ሁሉ አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን ከ20 ሜትር ገመድ ጋር እንጨት ላይ ይሰቀል። ውስጡ አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይግባ፤ ፈጽሞ ባዶ ከሆነ ነፋስ ይመልሰዋል፣ ጥቂት ክብደት ሲኖረው ሩቅ ይወረወራል። ክዳኑ በደንብ ይጠበቅ። የሚሰምጥ ሰው ሲታይ ዘሎ መግባት ሁለተኛ ሬሳ ያመጣል፤ የሚሰምጠው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣልና። ጄሪካኑ ከሰውየው ጀርባ አልፎ እንዲወድቅ ይወረወር፤ ገመዱ እየተሳበ ወደ እጁ ይምጣ። በወር አንዴ ክዳኑና ገመዱ ይፈተሽ፤ ጄሪካኑን ውሃ ለመቅዳት የወሰደ ሰው እንዳለም ያኔ ይታወቃል። በጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «የሰው ነፍስ ነው» ተብሎ ቢጻፍበት አያንስም።

ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ ሁለት ሰው ወደ ሐይቁ ዳር ይሩጥ፤ ከዚያ ነው ወደ መንገድና ወደ ገበያ የሚኬደው። መልእክቱ ውስጥ ዕድሜው፣ የለበሰው ልብስ ቀለም፣ መጨረሻ የታየበት ቦታና ሰዓት፣ የሚጠራበት የቤት ስም ይግባ። ሲገኝም በዚያው መንገድ «ተገኝቷል» ይባል፤ ይህን የሚረሳ ሰፈር ብዙ ነው፤ ፈላጊው እስከ ማታ ይንከራተታል።

ኃላፊው ሲቀየር

ርክክቡ በቃል አይሁን። አዲሱ ኃላፊ ደብተሮቹን፣ የተጠሪዎቹን ዝርዝር፣ የካስማዎቹን ፎቶ፣ የሰሌዳውንና የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተረክቦ ይፈርም፤ የቻናሉ ባለቤትነትም በዚያው ሰዓት ይዛወር። የቀድሞው ኃላፊ ስልክ ቀይሮ ወይም ከተማ ለቆ ቻናሉ ያለ ባለቤት እንዳይቀር፣ ከጅምሩ ሦስት አስተዳዳሪ ይኑረው። ከዚያ ሁለቱ አብረው ወደ ሐይቁ ይውረዱ፤ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብረቱን አብረው ያንብቡና ቁጥሩን አዲሱ ኃላፊ በራሱ እጅ ይጻፍ።